ጎሚስታ ቤቱን የተሳለምኩ ዕለት

እኔ የቴክኖሎጂ ዜና የምከታተለው እንደ ሌላው ሰው ለመደነቅ ሳይሆን ለመቆጣት ነው። ሥራዬ ፓሎ አልቶ ውስጥ የሆስፒታል ሠራተኞችን ከፓርኪንግ እስከ በሩ ድረስ በቫን ማመላለስ ሲሆን፣ ቫኑ እስኪሞላ ስጠብቅ ስልኬን አውጥቼ አነባለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፍና ሰዎች ከካርቶኑ ጋር ከሚጥሏቸው የዕቃ መመሪያዎች ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ማሽኑ ግን አልነበረኝም። ስለዚህ በማሽን ጉዳይ አስተያየት ለመስጠት ማንንም አላስፈቅድም።

ችግሩ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ አልነበረም። ሚስቴ "እሺ" ትለኛለች፤ የእሷ "እሺ" ደግሞ በር ቀስ ተደርጎ ሲዘጋ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ኮሌጅ የምትማረው ልጄ በአማርኛ ስነግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ መልሷም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል አይበልጥም። የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት ሳን ሆዜ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ካለ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው።

ባለ ሱቁ ከላሆር የመጣ ፓኪስታናዊ ነው። ቀን ቀን የተሰነጠቀ ስክሪን ይቀይራል፤ ሱቁን ሲዘጋ አገር ቤት ላሉ ወገኖቹ በኡርዱ የቴክኖሎጂና የኢንተርኔት ዜና ከነአስተያየቱ ይጽፋል። የራሱ ገጽ፣ የራሱ አንባቢዎች አሉት። እኔ ስልኬን ላሠራ በሄድኩበት ቀን ስለ አንድ ኢንተርኔት ያለው ፍሪጅ እየጻፈ ነበር።

"ብራዘር፣ አንተ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ትገዛለህ?" አለኝ። እኔና እሱ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለታችንም እንናገረዋለን፣ ማንኛችንም አናሳምረውም።

"ፍሪጅ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?"

"ወተት ሲያልቅ መልእክት ይልካል።"

"እኛ ቤት ወተት ሲያልቅ የሚጮህ ሰው ሞልቷል። ያውም ቻርጅ አይፈልግም።"

ሳቀ። ያልኩትን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጨመረውና አንባቢዎቹም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ "ጎረቤቴ እንዲህ ይላል" የሚል ቦታ ሰጠኝ። ስለ መታጠፊያ ስልክ፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የማጽናኛ ደብዳቤ ስለሚጽፍ ፕሮግራም፣ ሰው ስንት ሰዓት እንደተኛ ስለሚነግር ቀለበት ተናገርኩ። ስለ ቀለበቱ "ሰው መተኛቱን ለማወቅ ቀለበት ከፈለገ መጀመሪያውኑ ያልነቃ ሰው ነው" ብዬ ነበር። ልጄ የአንባቢዎቹን መልስ በስልኳ እየተረጎመች ስታነብልኝ አንዱ "ይህ ጎረቤትህ የኔ አባት ነው፤ እባክህ ወደ ቤት መልሰው" ብሏል። ሌላው ደግሞ "የኔም አባት ነው፤ አትመልሰው" ይላል። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጄ ግን በሳቅ ከሶፋው ወደቀች።

ጓደኛዬ አንድ ሕግ ነበረው። በገጹ አናት ላይ "ያየሁትን፣ ወይም የማምነው ሰው ያየውን ብቻ እጽፋለሁ" ብሎ ጽፏል። አንድ ቀን ምክንያቱን ሲነግረኝ፣ "ብራዘር፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ስልክ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ውሸት ይዘንባል። እኔን የሚያነቡኝ እዚህ ሰፈር ስለምኖር ነው፣ በዓይኔ ስለማይ። አንድ ቀን ከዋሸሁ እንደ ሌላው ሁሉ ነኝ" አለኝ። የማምነው ሰው ያለውም እኔን ነው።

እንግዲህ ያንን እምነት ይዤ ምን እንዳደረግኩበት ልናገር።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለችው መኪና በማይበዛበት መንገድ ዳር ነው። መኪና የምናቆመው በወዲያኛው በኩል ስለሆነ፣ ስንወርድ በመጀመሪያ እዚያው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመን፣ ቤተ ክርስቲያኗን ፊት ለፊት እያየን እንሳለማለን፤ ከዚያ ነው የምንሻገረው። በዚያ መንገድ ደግሞ ያለ ሹፌር የሚሄዱት መኪኖች ይመላለሳሉ። ጣራቸው ላይ የሚሽከረከር ነገር ተሸክመው፣ ባዶ ወንበር ይዘው፣ ሠርግ የቀረበት ሚዜ ይመስል ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ።

አንድ እሑድ ነጠላዬን አስተካክዬ ጎንበስ ስል አንዱ መጣና ቆመ። ቀና ስል ቆሟል። ደግሜ ተሳለምኩ፤ ቆሟል። ሦስተኛውን ጨርሼ ነጠላዬን ለማጣፋት ወደ ኋላ ራመድ ስል ቀስ ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድም ልክ እንደዚያው ሆነ።

ለጓደኛዬ ነገርኩት። የያዘውን ስክሪን አስቀመጠ።

"በዓይንህ አየህ?"

"በዓይኔ።"

"ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። መብራት ነበር?"

"መብራት የለም። መንገዱ ባዶ ነው። ከፊቱ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ጠርዝ ላይ ቆሜ እየተሳለምኩ ነበር።"

ይህን ስናገር የሰማኝ አስተዋይ ሰው ቢኖር ኖሮ እዚያው ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኛ ግን ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳችን በመመሪያ የተማርን፣ አንዳችን በመፍቻ፣ ራሳችንን እየነቀነቅን ተያየን። እነዚህ ማሽኖች በማየት እንደሚማሩ አንብቤያለሁ። "እሑድ እሑድ ሲመላለስ እኛን አየ፤ ስናጎነብስ አየ፤ ሳይነግሩት ገባው" አልኩት። እሱም ይህን ቃል በቃል አሰፈረው። ርዕሱ "ሹፌር የሌለው መኪና የአምልኮ ቦታ ያከብራል" የሚል ነበር።

ገጹ ከዚያ በፊት እንዲህ ተነብቦ አያውቅም። ሰዎች ለእናቶቻቸው ላኩት፤ እናቶች ለእህቶቻቸው። አንዱ መስጊድ በር ላይም ይቁም አይቁም እንዲሞከር ጠየቀ። ሌላው "ዓርብ ቀን መስጊድ በር ላይ ማቆሚያ ካገኘ በእርግጥም ተአምር ነው" ብሎ መለሰለት። እኔም አልተቀመጥኩም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡትን ወጣቶች አስቁሜ፣ "ነፍስ የሌለው ብረት ቆሞ ሲያከብር፣ እናንተ ጆሯችሁ ላይ ያንን ነጭ ነገር ሰክታችሁ ትገባላችሁ" አልኩ። አንዳንዶቹ አወለቁ። ልጄ አላወለቀችም፤ ስታየኝ የነበረው አስተያየት ግን ወላጅ ልጁን የሚያይበት ዓይነት ነበር።

ከዚያ የጓደኛዬ የትምህርት ቤት ባልንጀራ ጻፈለት። ላሆር የሚኖር መሐንዲስ ነው፤ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ ላይ እንዲህ አለው። "እዚህ እያለህ ጠንቋይ ትሳደብ ነበር። ካሊፎርኒያ ሄደህ የጠንቋይ ረዳት ሆንክ? ማስረጃህን አምጣ፤ ካልሆነ ከገጽህ አናት ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር አጥፋት።" ሌሎችም እየተከተሉ "ማስረጃ፣ ማስረጃ" አሉ።

ጓደኛዬ ኮል አደረገልኝ። ድምፁ ደርቋል።

"ብራዘር፣ ቪዲዮ እፈልጋለሁ።"

"እሑድ ና" አልኩት። "መኪናው አያሳፍረኝም።"

እሑድ መጣ። ለፀሎት ቦታ አክብሮት ብሎ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ በወዲያኛው ጠርዝ ላይ ቆመ። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ አዳራሽ ውስጥ ምሳ እየበላ ነው። ልጄም ተከትላን መጥታ የመኪናችንን ኮፈን ተደግፋለች። ብዙ ሳንቆይ አንዱ መኪና መጣ። ተሳለምኩ፤ ቆመ። ጓደኛዬ ቀረጸው። ሲጨርስ አቅፎ ሳመኝ።

"ዳዲ" አለች ልጄ። "የቆመው ልትሻገር ነው ብሎ ነው።"

በእንግሊዝኛ ስላለችው ጓደኛዬም ሰማት። ክንዱ ከትከሻዬ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

"እኔ መቼ ልሻገር ተነሳሁ?" አልኳት። "እየተሳለምኩ ነበር።"

"እሱ መሳለም ምን እንደሆነ አያውቅም። ጠርዝ ላይ ቆመህ ወደ መንገዱ ታጎነብሳለህ። ሲያይህ ሊገባ ነው ብሎ ይጠብቅሃል። ዌይት፣ ላሳይህ።"

ወደ ታች ሄደች። ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት ስትደርስ ጠርዙ ላይ ቆማ የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ አለች። ቀጣዩ መኪና መጥቶ ቆመላት። ክሩን አስራ፣ ፈትታ፣ እንደገና አሰረችው። መኪናው ጠበቃት።

"ይህ ገና የቤተ ክርስቲያኗ ክልል ነው" አልኩ።

"ላውንደሪው?" አለች።

"ቅርብ ነው። ዕጣኑ እዚህ ይደርሳል።"

ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ ሌላ ብሎክ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። አሮጌ ጎማ ደጃፉ ላይ ተቆልሏል፤ የበዓል ዳቦ ይመስላል። ጓደኛዬ ጎማዎቹን ፊት ለፊት እያየ በነጭ ልብሱ ጎንበስ አለ። መኪናው ቆመ። ቀና ብሎ በሐዘን አየኝ።

"እኔ ሳጎነብስ ላየው" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት እኔን ለይቶ ያውቀኛል ብዬ ይሆናል። ነጠላዬን ሳላወልቅ ከጎኑ ቆሜ እጅ ነሳሁ። ሌላ መኪና መጥቶ ቆመ። እንደገና ጎንበስ አልን፣ ሁለታችንም። በዚህ መሃል ጎሚስታው ተሻግሮ መጣና ምን እንደጠፋብን ጠየቀ። ቀለበት የጠፋብን መስሎት ይሆናል፣ እሱም አጎንብሶ መሬቱን መፈለግ ጀመረ። አሁን ሦስት አጎንባሾች ሆንን። ሹፌር የሌለው መኪና ከፊታችን ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሁለተኛው ደርሶ እሱም ቆመ። ልጄ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች።

የአዳራሹ ምሳ ያለቀው በዚያች ሰዓት ነው። ሰዉ ወደ መኪናው ሲበተን በእኛ በኩል አለፈ። ከእነሱ መካከል ባለፈው እሑድ ጆሮው ላይ ያለውን ያስወለቅኩት አንድ ጎረምሳ ነበር። አክብሮ ቆመና ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ።"

"ምነው ታዲያ ጎሚስታ ቤት ይሳለማሉ?"

"ምርምር ላይ ነን።"

"አሃ" አለና ነጩን ነገር ከኪሱ አውጥቶ ቀስ ብሎ ጆሮው ላይ ሰካ። ከሄደ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እስኪርቁ ድረስ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከ ማታ ወሬው ኮንኮርድ ከተማ ድረስ ደርሶ፣ እዚያ የምትኖረው የሚስቴ እህት ደውላ "ጎማ ላይ ችግር ካለ ለምን አትነግሩንም?" አለች።

ጎሚስታው ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ ጓደኛዬ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ካረምኩት ይስቁብኛል" አለ። "ካላረምኩት ደግሞ ባልንጀራዬ ያለው ነኝ።"

"ያየነውን ጻፍ።"

"ያየነው ይሄ ነው እኮ" አለና ጎማዎቹን አመለከተ።

"እሱን ጻፍ። እኔም ለወጣቶቹ ተሳስቼ ነው እላቸዋለሁ። አንተን ሩቅ ሆነው ነው የሚስቁብህ፤ እኔን ግን በየሳምንቱ ሻይ እየቀዱልኝ ነው።"

ይህ ትንሽ አጽናናው መሰለኝ። በዚያው ላይ ለ"ጎረቤቴ እንዲህ ይላል" ምን እንደምናገር ጠየቀኝ። መኪናው እንደ መጀመሪያው ሁሉ ገና ቆሞ ነበር፤ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማን ያውቃል ብሎ። እያየሁት "ሃይማኖት የለውም፤ ይሉኝታ ግን አለው" አልኩ።

ይሉኝታ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መግታት፣ የሚፈልጉትን ሳያደርጉ መቆም፣ ጠግበው "አልጠገብኩም"፣ ርቧቸው "በልቻለሁ" ማለት። ጓደኛዬ ገና ሳልጨርስ እጁን አነሳ።

"አለን። 'ሰዎች ምን ይላሉ' ነው የምንለው። እናቴ በእሱ ነው ያሳደገችኝ። ወተት እንኳ ያን ያህል አልሰጠችኝም።"

ማረሚያውን ያን ዕለት ማታ አወጣው፤ ከነቪዲዮው። እኔ ቪዲዮው ይቅር ብዬ ነበር። እሱ ግን ሕጉ ሕግ ነው አለ። የእኔ አስተያየት እንዲህ ይነበባል፤ "መኪናው እግዚአብሔርን አያውቅም። የሚያውቀው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ሊሻገር እንደሚችል ብቻ ነው፤ ይህንንም አውቆ ይጠብቃል። ይህን ያህሉን የሚያውቁ ሹፌሮች ስንት ናችሁ?"

ይህን ከመውጣቱ በፊት ለልጄ ስነግራት "አንተ ለማን ቆመህ ታውቃለህ?" አለችኝ፤ ለዚያውም በአማርኛ። አማርኛዋ የሚመጣው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። እኔ ጠርዝ ላይ ሰው ሳይ ክላክስ የማደርግ ሰው ነኝ። ክላክስ ማድረግን እንደ ሰላምታ ነበር የማየው።

አንባቢዎቹ ሳቁ፣ ያውም እስኪበቃቸው። ግን አልሄዱም። አንዲት ሴት "መኪናውን ላኩልን፤ እዚህ መንገዱ መሃል ብተኛ እንኳ ሹፌሩ ዞሮኝ ነው የሚያልፈው" ብላ ጻፈች። ከሥሯ ብዙ ሰው የየራሱን ከተማ መንገድ እያነሳ አማረረ። መሐንዲሱ ባልንጀራ መጨረሻ ላይ መጣ። "አሁን አምንሃለሁ" አለ። "ዓረፍተ ነገሯ ትቆይ። ሁለታችሁ ጎማ ፊት ስታጎነብሱ የሚያሳየውን ግን ለእናቴ ልኬላታለሁ፤ ጎረቤትህን ወዳዋለች።" ጓደኛዬ ይህን እያነበበልኝ አንድ ስክሪን ገልብጦ ገጠመ። እንደገና እስኪፈታው ድረስ ሁለታችንም አላየነውም።

እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ለወጣቶቹ መሳሳቴን ተናገርኩ። ሰሙኝ፤ አጨበጨቡም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉት በመጠኑ ጎንበስ ብለው ነው ያጨበጨቡት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሚስቴ ለአዳራሹ ምሳ የሚሆን ትልቁን ድስት ከቤት እንዳመጣ ላከችኝ። "ቶሎ በል፤ ሽሮው ድስቱን ነው የሚጠብቀው" አለችኝ። መኪናዬን አስነስቼ ስወጣ አንዲት እናት ጠርዙ ላይ ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኗ እየተሰናበቱ ሲሳለሙ አየሁ። እጄ ወደ ክላክሱ ሄደ። ከዚያ የራሴ አስተያየት ትዝ አለኝ። በኡርዱ ታትሞ የወጣ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ፍሬን ያዝኩ፤ ቆምኩ።

እማማ አንዴ ጎንበስ አሉ። ጠበቅኩ። ሁለተኛ ጎንበስ አሉ። ከኋላዬ አንዱ ክላክስ አደረገ፤ አልተነቃነቅኩም። በመስታወቱ ሳይ ከእሱ ኋላ ሹፌር የሌለው መኪና ቆሟል፤ ምንም ድምፅ አያሰማም። ባልደረባዬ እንደሆነ ተሰማኝ። እማማ ሦስተኛውን ጨርሰው ቀና አሉና አዩኝ። ፈገግ ብዬ እንዲሻገሩ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው መጡ፣ የጋቢናውን በር ከፈቱ፣ ገቡ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው በሩን ዘጉ።

"እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ካስትሮ ቫሊ ነው።"

"እማማ፣ እኔ እኮ..."

"አውራ ጎዳናውን ከወጣህ በኋላ እኔ አሳይሃለሁ።" ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። "አትምጣ። ጨዋ ሰው አግኝቻለሁ። ገና ሳጎነብስ ነው አይቶኝ የቆመው።"

ካስትሮ ቫሊ ቅርብ አይደለም። ላሳፍራቸው እንዳልቆምኩ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን የቆመ ሰው እንዴት ተመልሶ አልቆምኩም ይላል? ይሉኝታ ያለው መኪናው ብቻ አይደለም። ፍሬቻ አሳይቼ ወደ አውራ ጎዳናው ታጠፍኩ።

እማማ ወንበሩን አመቻችተው ተቀመጡ። "የዛሬ ሰው ለሰው አይቆምም" አሉ። "እነዚያ ሰው የሌለባቸው መኪኖች እንኳ ይሻላሉ። ሁልጊዜ ይቆሙልኛል።"

"እንዴ፣ እርስዎም አይተውታል?"

"በየሳምንቱ ነው እንጂ። ክፋታቸው በራቸው አይከፈትም። ስንቱን ታግዬዋለሁ።"

ይህን ለጓደኛዬ እስክነግረው ቸኮልኩ፤ በዓይናቸው ያዩ፣ በእጃቸውም የሞከሩ ሰው አግኝቼለታለሁ። መንገዱ ግን ገና ነበር፤ በዚያ ላይ ስልኬ በመኪናው ስፒከር ጮኸ። ሚስቴ ናት።

"ድስቱስ?"

"ካስትሮ ቫሊ እየሄድኩ ነው።"

ከጎኔ እማማ ጎላ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ባልሽ ይባረክ" አሉ።



"እሺ" አለች።